የጆንያ ክር

ጥቅምት 6 ቀን 1971፣ ሰኞ

ሥራ በሽ ነው። ዲላ ቡና ከገባ ወዲህ ሞተር ሁሉ ባንድ ቀን ነው የሚታመመው። ከወርቃ የመጣው የቡና መፈልፈያ ሞተር ዛሬ ተነሳ። እሱን ሸኝቼ ዞር ስል ከዱመርሶ የውሃ ፓምፕ ደጄ ላይ ተጋድሟል። ሁሉም «ለነገ አድርስልኝ» ይላል። ነገ ስንቱን ትችላለች?

ራዚያ ምሳ ይዛ መጣች። ስድስት ወር የገባ ሆድ ይዛ ያን ዳገት... አትምጪ ብያት ነበር፣ ማን ይሰማል። ይህን ደብተር አይታ ሳቀች። «ሞተር ነው የምትመዘግበው ወይስ ሐሜት?» ሁለቱንም አልኳት። መጀመሪያ እኮ የሞተር ብቻ ነበር፤ ማን ምን አመጣ፣ ምኑ ተበላሸ። እያደር ለሰው የማላወራው ሁሉ ገባበት። በዚህ ዘመን ከሰው ይልቅ ደብተር ይታመናል... ይታመናል? እንጃ። ብቻ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ነው የማኖረው።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ የጀልባ ሞተር መጣልኝ።

ያመጣው ጴጥሮስ ነው፤ አባያ ሐይቅ ላይ የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር ጀልባ የሚነዳው። በኤንትሬ መኪና ጭኖ፣ እንደታመመ ሰው ጋቢ አልብሶ። ስገልጠው ከላይ ቆብ፣ ከታች ረጅም እግር፣ እግሩ ጫፍ ላይ የውሃ መቅዘፊያ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም። አላውቅም ግን አላልኩም።

«አልነሳ አለች» አለኝ። እሱ ሁሉንም ነገር በሴት ነው የሚጠራው። ጀልባዋንም ሞተሩንም፣ ሲጣደፍ እኔንም።

እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈትቼ ከሞተሩ አካል ጋር አስነካሁና ገመዱን ሳብኩ። ብልጭታ የለም። ቤንዚን ይደርሳል፣ እሳት ነው የጠፋው። ቆቡን ሳነሳው ደስ አለኝ። ከሥሩ ያለው የማውቀው የሞተር ሳይክል ማግኔት ነው። አገሩን ቀይሮ ውሃ ላይ ገባ እንጂ ያው ነው።

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

ጴጥሮስ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ። ጥያቄው አያልቅም።

«ባትሪ የላትም። እሳቱን ከየት ታመጣለች?»

ቮላኖውን፣ ከላይ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ገልብጬ አሳየሁት። ውስጡ ማግኔት ተቀብሯል። ገመዱ ሲሳብ ቮላኖው ይዞራል፣ ማግኔቱ ሽቦ በተጠመጠመበት በቦቢናው አጠገብ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ባለፈ ቁጥር በቦቢናው ወፍራም ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል። መንገድ የሚያገኘው ግን ፑንቲናው ሲገጥም ነው። ፑንቲና ማለት የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንዱ ይከፈታል ይዘጋል። ኤሌክትሪኩ በበረታባት ቅጽበት ዘንጉ ላይ ያለች ጉብታ ፑንቲናውን ፈልቀቅ ታደርገዋለች። መንገዱ ድንገት ይቋረጣል። ያን ጊዜ በቦቢናው ላይ ብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ጉልበቱን ሰብስቦ ወደ ካንዴላው ይወረውራል። ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍተት ይዘላል። ብልጭ።

«ስትገጥም አይደለም እንዴ ብልጭ የምትለው?»

«ስትለያይ ነው ጋሽ ጴጥሮስ። ግን ካልገጠመች የምትለያየውም የለም።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ በኮንደንሰሩ መጣ። ፑንቲናው ሲከፈት እዚያው እሳት እንዳይረግፍ የሚውጥ እሱ ነው፣ እሱ ባይኖር ፑንቲናው ቶሎ ተቃጥሎ ያልቃል አልኩት። «ሁሉም ሥራ አላት» አለ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር በጌዴኦ ቋንቋ ማንጎራጎር ያዘ። ቀስ በል አልኩት። ፈገግ አለ እንጂ አልተወም።

የጠፋው ነገር ቀላል ነበር። የሐይቁ እርጥበት ፑንቲናው ላይ ነጭ ዝገት አውጥቶበታል። በደቃቅ ሞረድ አጠራሁት፣ ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ጆንያ ቁራጭ ቀድጄ ጠረግኩት፣ ክፍተቱን አስተካከልኩ፣ ዘጋሁት።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

በርሜል ውሃ ሞልተን እግሩን ነከርንለትና ገመዱን ሳብኩ። በሁለተኛው ተነሳ። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆነ፣ ውሃው ግማሹ እላዬ ላይ ፈሰሰ። ጴጥሮስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ግማሽ ሰዓት አስነሳሁት፣ አልተንገጫገጨም።

በሚመጣው ሳምንት ከአዋሳ ትልቅ ሰው ይመጣል አለኝ። የምርት ዘመቻው ካድሬ ሽብሩ ሐይቁን ሊያሳያቸው ነው። «በእኔ ጀልባ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

የሰማሁት ነገር ጥሩ አይደለም።

ትናንት ሐይቁ መሃል ሞተሩ ጠፋባቸው። እንግዳው፣ ሽብሩ፣ ሁለት ጠባቂዎች፣ ጴጥሮስ። ጴጥሮስ ገመዱን ሲስብ ሲስብ እጁ ደማ አሉ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ንፋስ ተነሳና አዞ ወደሚበዛበት ዳርቻ ገፋቸው። አራት ሰዓት ሙሉ። እንግዳው ሲያስታውኩ ዋሉ፣ የወረቀት ቦርሳቸው ውሃ ገባ። ጴጥሮስ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል መዝሙሩን ያንጎራጉራል... ምን ነበር ዝም ቢል?

ማን ነው ሞተሩን የሠራው ይሉ ይሆን? ዛሬ መኪና ሱቁ ፊት በቆመ ቁጥር መፍቻ ከእጄ ወደቀ።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ጴጥሮስ ታሰረ። አሻጥር ነው ብለዋል።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ሽብሩ ራሱ መጣ። ሞተሩን በጆንያ ጠቅልለው፣ አፉን ሰፍተው፣ በሰም አሽገው ማኅተም መትተውበት። ሁለት ጠባቂ ከደጅ ቆመ። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ በራቸውን ገርበብ አደረጉ።

«ጓድ ኸድሩ፣ ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ።»

«ሲወጣ ደህና ነበር?»

«በርሜል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሠርቷል። ያየ ሰው አለ።»

«ስለዚህ ከአንተ እጅ ከወጣ በኋላ ነው የተነካው።»

ጥያቄ ይሁን አይሁን አልገባኝም። መፍቻዬን መጥረግ ያዝኩ። ጴጥሮስ ከውጭ ሚሲዮኖች ጋር ይሠራ እንደነበር፣ የሚላላከው ሳይኖር እንደማይቀር ነገረኝ፣ ሳልጠይቀው። ከዚያ ወረቀት አኖረልኝ። «ፈትተህ ታየዋለህ። ያገኘኸውን ትጽፋለህ። እስከ ኅዳር 4።»

ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሁን ድረስ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ይመስለኛል።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

ፈታሁት። ባልፈታሁት።

ካንዴላው ደህና ነው። የካንዴላው ገመድ ደህና ነው። ቦቢናው ደህና ነው። ቮላኖውን አወጣሁና ፑንቲናው ላይ በባትሪ መብራት አጎነበስኩ። በሁለቱ ብረቶች መሃል የሆነ ነገር አለ። በወረንጦ ሳብኩት።

ክር። የጆንያ ክር። ከቅንድብ ፀጉር የማትረዝም።

ክሯን አውጥቼ ቮላኖውን መልሼ ገመዱን ሳብኩ፤ ሰማያዊ ብልጭታ፣ እንደ ጅራፍ የሚጮህ። ክሯን መለስኩ። ምንም። አወጣሁ፣ ብልጭ። መለስኩ፣ ምንም። ሦስት ጊዜ። ፑንቲናው ካልገጠመ ኤሌክትሪኩ መንገድ የለውም፣ መንገድ ከሌለው የሚቋረጥ የለም፣ የሚቋረጥ ከሌለ... ይህን ነው ቁጭ አድርጌ ያስተማርኩት።

ዲላ ውስጥ ሁሉም የሚጠርገው በጆንያ ነው። ሻጩም፣ ሥጋ ቆራጩም፣ እኔም። ቡናው ሲሄድ ጆንያው ይቀራላ። ግን ለፑንቲና ንጹሕ ወረቀት ነው የሚገባው፣ ይህን ጣሊያኑ ጌታዬ ገና ስለማመድ በጥፊ አስተምሮኛል። ቸኮልኩ። በርሜሉ ውስጥ ስሞክረው ክሯ ከፑንቲናው ጥግ ተኝታ ነበር፣ ሐይቁ ላይ ማዕበሉ ሲያንገጫግጨው ገባች።

ማንም አልነካውም። እኔ ነኝ።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ሱቅ አልከፈትኩም። ራዚያን አሞኛል አልኳት። 

ሦስት መንገድ አለ። ጴጥሮስ ነው ብል እሱ ያልቅለታል። እኔ ነኝ ብል... «ሳላውቅ ነው» የሚለውን ማን ያምናል? ያለፈው ዓመት ስንቱ «ሳላውቅ ነው» ብሎ ሄዶ ቀረ። ሦስተኛው፣ ኮንደንሰሩን አቃጥዬ ዕቃው አርጅቷል ማለት። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ቀጥሎ አዋሳ ልከው ቢያስመረምሩትስ? ማኅተሙን ያየ ሰው አያደርጉትም አይልም።

ክሯን ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስገብቻታለሁ። ለምን እንዳልጣልኳት አላውቅም።

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ

ለራዚያ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። መጀመሪያ ያለችው «ሌላ ማን ያውቃል?» ነው። ማንም። «እንግዲያው ማንም አይወቅ።» ከዚያ አለቀሰች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ።

«አረፋ ደርሷል» አለች እንባዋን ጠርጋ። «ሁሉም አገሩ ይገባል። እኛም እንግባ፣ እናትህ ዘንድ። ከዚያ አንመለስ።»

እንዴት ይህ ቀድሞ አልመጣልኝም?

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ። ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠ፣ ስሜን አየ፣ ከደነው። «የምርመራ ጉዳይ ያለበት ከከተማ አይወጣም።» ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የመንደሬ ሰዎች ጥቅል ጥቅላቸውን ይዘው ከኋላዬ ተሰልፈዋል። አንዱ «አንተ አትሄድም እንዴ?» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

የጴጥሮስ ሚስት ሙሉካ ሱቄ መጣች። ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ስትሄድ ነው። ራሷን በነጠላ ሸፍና ደጁ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላትም አልገባ አለች።

«እውነቱን ይጽፋል ብሏል ጴጥሮስ። ኸድሩ ሰው ነው ብሏል።»

ምን አልኩ? «እየመረመርኩ ነው» አልኩ። ክብሪት ቀፎዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

«እየደበደቡት ነው» አለችኝ፣ የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ ሁሉ። ሄደች።  ከሄደች በኋላ ወረቀቱን አወጣሁ። «እኔ ኸድሩ» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬ ቆመ።

ጥቅምት 29፣ ረቡዕ

አልጻፍኩም።

ኅዳር 1፣ ዓርብ

አረፋ። ከተማው ጭር ብሏል፣ የእኛ ሰው ሁሉ ሄዷል። ከሰገድኩ በኋላ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እለምናለሁ? አውጣኝ ብዬ? እሱስ?

ከሰዓት በኋላ ጻፍኩት። አንድ ገጽ። በጆንያ እንደጠረግኩ፣ ክሯ የት እንደነበረች፣ ሦስት ጊዜ እንደሞከርኩ፣ ጴጥሮስ እንዳልነካው። ለራዚያ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ ተነሳች። ሸሚዜን ማጠብ ጀመረች፣ ነጩን።

ነገ ልውሰደው? ቀጠሮው ሰኞ ነው። እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አለ። ሦስት ቀን ቤቴ ብሆን ምን አለበት?

ኅዳር 4፣ ሰኞ

 በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ሽብሩ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቴን ሰጠሁት። አነበበ፣ ሁለት ጊዜ። ክብሪት ቀፎዋን ከፍቼ ክሯን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አያትና እፍ አላት። የት እንደወደቀች እንኳ አላየሁም።

«ጴጥሮስ ቅዳሜ ወደ አዋሳ ተዛውሯል» አለኝ። «ሪፖርቱም አብሮ ሄዷል።»

«የኔ ቃል ሳይደርስ?»

«ቃልህ አለበት።»

ቅጂውን አዞረልኝ። በባለሙያው በኸድሩ ምርመራ ብልሽቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። ስሜ በታይፕ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር።

«እኔ እንዲህ አላልኩም ጓድ።»

«ሁለት ሳምንት ዝም ስትል ምን ያልክ መሰለህ? እኔንም ከላይ ሆነው የሚከታተሉ አሉ።» ሲጋራ ለመለኮስ ሦስት ክብሪት ፈጀ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፣ ይህ ሰው ከኔ አይሻልም፣ ፈርቷል። ይህን ማየቴ ግን አላጀገነኝም። የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከራሴ አውቃለሁ።

«ለአንድ ሞተር ሁለት ሰው ይበዛል» አለኝ። «ይህን ፈርም። ያንተ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ትቀመጣለች። ካልፈረምክ ትወጣለች።»

ቅዳሜ። ቅዳሜ ነው የወሰዱት። ወረቀቱ ዓርብ ተጽፎ አልቆ ነበር።

ፈረምኩ።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ሱቅ ከፈትኩ። ሦስት ፓምፕ ሠራሁ።  ሰላምታ የነፈጉኝ ጎረቤቶች ዛሬ ሰላም አሉኝ። ነፃ መሆኔን ሰምተዋል።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

እህል አልወርድ አለኝ። ራዚያ ሳህኑን ከፊቴ አነሳችና ተቀመጠች።

«ፈርቼ ነው እንሂድ ያልኩህ» አለችኝ። «አሁንም እፈራለሁ። ግን እንዲህ ሆነህ ልጅ ልታሳድግልኝ ነው?»

«ምን ላድርግ?»

«ሚስቱ ታውቅ። ቢያንስ እሷ ታውቅ።»

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አብረን ሄድን፣ እኔና ራዚያ። የሙሉካ ቤት ከእንሰቱ ጀርባ ነው። ለነገው ጉዞ ስንቅ እየቋጠረች ነበር፤ ለአዋሳ የይለፍ ወረቀት አግኝታለች፣ ለታሳሪ ልብስ ማድረሻ።

ነገርኳት። ክሯን፣ ሁለቱን ሳምንት፣ ፊርማውን። እየነገርኳት መሬት መሬት ነበር የማየው።

«ካወቅክ ስንት ቀን ሆነህ?»

«እስከ ሰኞ አሥራ ሦስት። ዛሬ አሥራ ሰባት።»

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።  ራዚያ ከአጠገቤ ሆና ክርኔን ያዘች። ሙሉካ ተነስታ ውሃ ጠጣች፣ ለራዚያም ሰጠቻት። ለኔ አልሰጠችኝም።

«ጻፈው» አለች።

«ጽፌው ነበር። ሽብሩ ጋር ነው ያለው።»

«የሽብሩን አላልኩህም። ለኔ ጻፈው።»

ከዚህ ደብተር ሁለት ገጽ ቀደድኩ። ጻፍኩ። ሰኞ የፈረምኩት ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው የፈረምኩት ብዬም ጨመርኩ። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም፣ ሱቄ የት እንደሆነ። ፈረምኩ። ይህ ወረቀት አዋሳ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። 

ማንበብ አትችልም። «አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ቃሉን ከራሴ አፍ ስሰማው የሌላ ሰው ወንጀል መሰለኝ።

«ድገም።»

ደገምኩ። በሦስተኛው እሷ ቀደመችኝ። ዓይኗን ጨፍና፣ መጽሐፍ ቅዱስ በቃሏ እንደምትይዘው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተወጣችው። ፑንቲናውን «ፑንቲናዋ» ከማለቷ በቀር አልሳተችም።

«ወረቀቷን ቢነጥቁኝ አፌ ላይ አለች» አለች።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። እንድታየኝ አልፈለግኩም፣ ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ቆምኩ። እፈራለሁ። ከሰኞው የበለጠ ነው የምፈራው፣ ምናልባት ዛሬ ማታ፣ ምናልባት ሰኞ ይመጣሉ። ራዚያ ለእናቴ ደብዳቤ አስጽፋኛለች፤ ብቻዋን ብትሆን ወዴት እንደምትሄድ ተነጋግረን ጨርሰናል።

ሙሉካ መስኮቱ ጋር ተቀምጣለች፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ። ጠባቂው ገብቶ ወረቀት እያየ ሲያልፍ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አይሰማም፣ ሞተሩ ተነስቷል። ግን ቃሉን ስለማውቀው ከንፈሯን ተከትዬ ሄድኩ፤ ጆንያውን አለፈች፣ ክሯን አለፈች፣ ሰኞን አለፈች።

ስሜ ላይ ስትደርስ አወቅኩ። የአባቴን ጨመረች። የአያቴን ጨመረች። አውቶቡሱ ወጣ።